የግራዋ ትንሿ ክንፍ

አናጢው አንሴልም እስከ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ድረስ የሠራው ሁሉ ወይ መሬት ላይ የሚቆም ወይ መሬት ውስጥ የሚገባ ነበር። በር፣ መስኮት፣ ግርግም፣ ማቡኪያ ገንዳ፣ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን። ላ ሾ አርባ ሦስት ቤት ያላት የተራራ መንደር ነች። በአርባ ሦስቱም ውስጥ የእጁ ሥራ ነበረ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሣሩ በታች ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ነበረው። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሲናገርም አይስቅም።

ታዲያ አስተማሪዋ ማድሌን በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጥቅል ወረቀት ታቅፋ መጥታ "ጋሼ አንሴልም፣ አውሮፕላን ይሠሩልኛል?" ስትለው የምትቀልድ መስሎት መላጊያውን ሳያቆም "ስንት ክንፍ ያለው?" አላት።

"ሁለት ይበቃኛል።"

ማድሌን ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ታች ሸለቆው ውስጥ ካለው የበረራ ክበብ መብረር ተምራ ፈቃዷን ይዛለች፤ የክበቡ አውሮፕላን ግን አንድ ብቻ ነው፤ ወረፋው የወፍጮ ቤት ወረፋ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነበር። ንድፉን በፖስታ አስመጥቶ በጋጣው ወይም በምድር ቤቱ ራሱ ይሠራል። ከወንዙ ማዶ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሠርቶ በሯል። ሌላው፣ ፖስተኛው፣ ከጨረሰ በኋላ በበሩ አልወጣ ብሎት የገዛ ቤቱን ግድግዳ አፍርሷል።

አንሴልም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በአራቱም ማዕዘን መሮ ጫነበትና ብረት ፈለገ። ከሞተሩና ከጥቂት ብሎኖች በቀር ብረት አልነበረም።

"ይኼ እኮ ጥድ ነው" አለ።

"ጥድ ነው።"

"የኛ ጥድ?"

"ከኛ የተሻለ የለም ይላሉ።"

ቁጭ አለ። ዛፉን ያውቀዋል። በሰሜኑ ገደል ላይ፣ ፀሐይ እየተሰሰተችበት፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሲቆረጥ ቀለበቶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጠጋግተው የሚታዩ ዛፍ ነው። አያቱም አባቱም እሱም ከእሱ ክብ የአይብ ሣጥን ሲሠሩ ኖረዋል። ይህ ዛፍ ሰው ተሸክሞ ይነሣል ብሎ ያሰበ ግን በቤታቸው አልነበረም።

"እሠራልሻለሁ፤ እኔ ግን አልወጣባትም" አለ በመጨረሻ።

"ማን ይውጡ አለዎት?"

ሥራው በብርዱ ወራት ብቻ እየተሠራ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ በበጋ ድርቆሽና ጣሪያ አለና አናጢ ለሌላ ነገር ጊዜ የለውም። ሦስቱ ዓመት በአውሮፕላኗ አካል አለቁ፤ ሁለቱ በክንፉ። ስድስተኛው፣ ማለት ያ የአሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስቱ ክፉ ብርድ፣ የትንንሾቹ ክንፎች ነበር። መንደሩ ስም ያወጣላቸው እንደዚያ ነው። በትልቁ ክንፍ ኋለኛ ጠርዝ፣ በግራና በቀኝ ጫፍ ላይ፣ በሦስት በሦስት ማጠፊያ የሚንጠለጠሉ ጠባብ ነገሮች ናቸው። ርዝመታቸው አንድ ሰው እጁን ሲዘረጋ፣ ወርዳቸው ከአንድ ስንዝር ጥቂት ቢበልጥ ነው። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትወርዳለች፤ አውሮፕላኑ ያኔ ያጋድላል፣ ይዞራል። ማድሌን ይህን ስትነግረው አንሴልም እጁን ዘርግቶ ለካና "በዚህችው?" አለ።

"በዚህችው።"

"ያን ሁሉ?"

"እኔንም ጨምሮ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሩ ተለወጠ። እሱ አርባ ዓመት የለመደው ወፍራም እንጨት ነበር፤ አናጢ ሲጠራጠር ያወፍራል። እዚህ ግን ከማጠፊያው በስተኋላ ያለ እያንዳንዱ ግራም ጠላት ነው። የትንሿ ክንፍ የኋላ ጠርዝ ከከበደ በነፋስ ውስጥ እንደ ቅጠል መርገብገብ ትጀምራለች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ራሷንም ክንፉንም ነቅላ ትጥላለች። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ትንሽ ክንፍ ቅርጿን የሚይዝ አሥራ አንድ ስስ እንጨት፣ የጎን አጥንት የሚሉትን፣ ላገ። እየላገ፣ እየመዘነ፣ እንደገና እየላገ። አንድ ጠዋት አንዷን አጥንት ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያያት የበረዶው ብርሃን በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ጣቶቹን አሳየው። እንደ ማር ቀይ ነበር። ለረጅም ጊዜ እጁን አላወረደም።

ሚስቱ ኦዴት ሾርባ ይዛ ገብታ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ ዳብሰኸኝ አታውቅም።"

"እሷ ሁለት ኪሎ ነች።"

"እኔም ሳገባህ ብዙ አልነበርኩም" አለች ኦዴት። "ያወፈርከኝ አንተ ነህ።"

የሥራው ዳኛ ሙሴ ፔልቲዬ የሚባል ሰው ነበር። ከከተማ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚመጣ፣ ቀጭን፣ ኮቱን የማያወልቅ፣ አጉሊ መነጽር በኪሱ የሚይዝ፣ የኦዴትን ሾርባ ሁለት ሳሕን የሚጠጣ መርማሪ። እሱ ውስጡን አይቶ ሳይፈርም የሚታሸግ ነገር የለም። ሌላም ሕግ ነበረው። ኮላ በተበጠበጠ ቁጥር፣ ከዚያው ጣሳ፣ ከዚያው እንጨት ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ይጣበቃሉ፤ ቀኑ ይጻፍባቸዋል፤ ለእሱ ይቀመጣሉ። "ምስክር" ይላቸዋል። ሲመጣ ምስክሯን በሞርሳ አስሮ በመዶሻ ይመታታል። እንጨቱ ከተቀደደ ኮላው ከእንጨቱ በርትቷል፤ ይለፍ። እንጨቱ ሳይነካ ቁራጮቹ ከተለያዩ ግን የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ምድጃ ውስጥ ነው።

ላ ሾም የራሷ ሕግ ነበራት። የሞት ደወል ሲደወል አናጢው የያዘውን አስቀምጦ ያን ሰዓት ሄዶ ሬሳውን ይለካል። እሱ ለክቶ እስኪወጣ በዚያ ቤት ማንም አይቀመጥም። መበለቷም፣ ሽማግሌውም፣ ካህኑም ቆመው ይጠብቃሉ። የአንሴልም አያት አንድ ጊዜ ምሳውን ጨርሶ በመሄዱ አንዲት አሮጊት ቆማ ራሷን ስታ ወደቀች ይባላል። ይህ ከሆነ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ መንደሩ ግን አልረሳውም።

በየካቲት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አንሴልም የግራዋን ትንሽ ክንፍ የመጨረሻ ሦስት አጥንቶች እያጣበቀ ነበር። ምድጃው ይንቀለቀላል። ኮላው ሙቀት ይፈልጋል፤ እስኪይዝ ድረስ ቤቱ መሞቅ አለበት፤ ጣሳው ላይ ተጽፏል። ሦስቱን አጥንቶች አጣብቆ በሞርሳ አጠበቃቸው። ምስክሯን አጣብቆ በልብስ መቆንጠጫ ያዛት። ያኔ ደወሉ ተደወለ።

አይብ ሠሪው ሽማግሌው ፌርዲናን ነበር የሞተው። አንሴልም ኮቱን ለበሰ፣ መለኪያውን ያዘ፣ ወጣ። የፌርዲናን ሚስት ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ አልጋው አጠገብ በከዘራዋ ተደግፋ ቆማ ስትጠብቀው ደረሰ። ለክቶ ሲጨርስ መውጣት አልቻለም። ልጆቿ በበረዶው ምክንያት ከታች ገና አልደረሱም፤ እንጨት የሚፈልጥላት፣ ውሃ የሚያሞቅላት አልነበረም። አራት ሰዓት ያህል ቆየ።

ሲመለስ ምድጃው ጠፍቷል። በባልዲው ያለው ውሃ የበረዶ ክዳን አበጅቷል። እሳቱን አቀጣጠለ፣ አጥንቶቹን በአውራ ጣቱ ነካካ። ኮላው ደርቋል። እሰይ አለ በልቡ። ምስክሯን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ቀኑን ጻፈባትና ከሌሎቹ ጋር ደረደራት። ከዚያ የፌርዲናንን ሣጥን ሊሠራ ሳንቃ መረጠ።

በሚያዝያ ሙሴ ፔልቲዬ መጣ። ሁለቱንም ትንንሽ ክንፎች ወደ ብርሃን እያዞረ በመነጽሩ አየ፣ ሾርባውን ጠጣ፣ ምስክሮቹን አንድ በአንድ መታ። ሁሉም ደህና ነበሩ። የየካቲት ማክሰኞዋ ግን ለሁለት ስትሰነጠቅ እንጨቱ በጥልቀት ተቀደደ፤ ረጃጅም ክር አወጣች።

"ይቺ የዘንድሮ አውራ ነች" አለ ፔልቲዬ። "በዚያ ብርድ እንዴት እንዳሞቋት አላውቅም።"

"ምድጃ አለ" አለ አንሴልም።

ፈረመ። አንሴልም የአንድ ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አልብሶ አሸጋቸው፤ ቫርኒሽ ቀባቸው። የመጀመሪያው በረራ ለጰራቅሊጦስ እሁድ ተቆረጠ። መንደሩ በሙሉ ሊወርድ ተሰናዳ፤ የማድሌን አባት፣ ጡረታ የወጣ መርከበኛ፣ ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ በባቡር ሊመጣ ነው ተባለ።

እሁድ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ምሳ ላይ፣ ኦዴት የብርድ ኮቱን ለከርሞ ልታስቀምጥ እየቦረሸች ነበር።

"ኪስህን ምን አደረግከው?" አለችው። "ጨርቁ ውስጥ የሆነ ነገር ደርቆበታል። ድንጋይ ነው።"

"የቱ ኪስ?"

"የደረትህ። ቀይ ነገር ነው፤ ኮላ ነው መሰለኝ። ኮላ ኪስ ውስጥ ይከተታል?"

አንሴልም ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ደወሉን፣ መቆንጠጫውን፣ ሁለት እጁ ሞልቶ ምስክሯን ሳያስብ ኪሱ መክተቱን አስታወሰ። አራት ሰዓት ሙሉ፣ በፌርዲናን ቤት እንጨት ሲፈልጥ፣ እሳት ፊት ተንበርክኮ ውሃ ሲያሞቅ፣ ምስክሯ ደረቱ ላይ ነበረች። ሦስቱ አጥንቶች ደግሞ ከበረዶው ባልዲ አጠገብ።

ተነሥቶ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። የግራዋን አንሥቶ በጣቱ አንጓ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳት። ድምፅዋ ያው ነው። ወደ ብርሃኑ አዞራት፤ ቫርኒሿ እንደ ውሃ ነው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ እንዲህ ያማረ የለም። ፔልቲዬ ፈርሟል። ማንም አይጠይቅም። ምናልባት ይዟል፤ ምናልባት አልያዘም። ለራሱ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ደወሉ ከተደወለ ማድሌንን የሚለካት እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ የእረፍት ሰዓት ላይ ነበር። ማድሌን በጓሮው ልጆቹን ትጠብቃለች። ቆብ ሳያደርግ መምጣቱን አይታ ፈገግታዋ ቀዘቀዘ። ሁሉንም ነገራት፤ አላሳጠረም።

"ሙሴ ፔልቲዬ ፈርሞ የለም እንዴ?" አለች።

"ፔልቲዬ የፈረመው ለደረቴ ሙቀት ነው።"

"ይዞም ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ከከፈትናት ግን እሁድ የለም።"

"የለም። ከእሁድ በኋላ ድርቆሽ ነው። መስከረም እንደገና እጀምራለሁ፤ ጥቅምት ትበሪያለሽ።"

ማድሌን ልጆቹን ዞር ብላ አየች። "አባቴ እኮ ቲኬት ቆርጧል፣ ጋሼ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ስድስት ዓመት ሲጠብቅ ነው የኖረው። በየደብዳቤው 'ያቺ እንጨትሽ ዕንቁላል ጣለች ወይ' ይለኛል።"

ማድሌን የትምህርት ቤቱን ደወል አንሥታ ልጆቹን ጠራች፤ ሲሰለፉ ወደ እሱ ተመለሰች።

"ማን ነው መጋዙን የሚይዘው?"

"አንቺ።"

"ለምን እኔ?"

"የኔ እጅ እምቢ ይለኛል።"

ከትምህርት በኋላ መጣች። ትንሿን ክንፍ ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው አንሴልም የሚቆረጥበትን በእርሳስ አሰመረላት። እሱ ጫፏን ያዘ፤ ዓይኑን ግን መስኮቱ ላይ አደረገ። መጋዙ ሲጀምር ኮምፔርሳቶው ትንሽ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ተቆረጠ። ልባሱን እንደ ቆዳ ገልብጠው አነሡት። ውስጧ የየካቲት ሽታ አለ፤ እንጨት፣ ኮላ፣ የምድጃ ጢስ። አሥራ አንዱ አጥንቶች በረድፍ ቆመዋል፤ የእርሳስ ምልክቶቹ እንዳሉ ናቸው።

አንሴልም ከዳር ያለችውን አጥንት በሁለት ጣቱ ያዛትና ሳብ አደረጋት። መጣች። ድምፅ አልነበራትም። ሁለተኛዋም መጣች። ሦስተኛዋ ግማሿ ያዝ አድርጎ ግማሿ ለቀቀ። የተለያየበትን ገጽ ወደ መስኮቱ ይዞ አየ፤ ኮላው እንደ ጥፍር ለስላሳ ነው፤ አንዲት የእንጨት ክር አልተከተለችም። ከዚያ ወደ አራተኛዋ አለፈ። በጣት እምቢ አለች፤ በመሮ እምቢ አለች፤ በመዶሻ ሲመታት እንጨቱ ተፈረካከሰ እንጂ ኮላው አልለቀቀም። ስምንቱም እንደዚያው ነበሩ።

ማድሌን የእንጨት ጉማጅ ላይ ቁጭ ብላለች። የለቀቀችውን አጥንት ከእጁ ወስዳ መዳፏ ላይ አደረገቻት። ነፋስ ቢመጣ የሚወስዳት ቅለት ነበራት።

"ሁሉም አንድ ቀን ነው የተሠሩት?" አለች።

"ስምንቱ ሰኞ ነው። ሦስቱ ማክሰኞ።"

"ይመሳሰላሉ።"

"ይመሳሰላሉ" አለ አንሴልም። እሱም ያሰበው ይህንኑ ነበር። አርባ ዓመት እንጨት አይቷል፤ ዓይኑ አይቶ ያልለየው ነገር ግን አልነበረም። እዚህ በሕይወትና በሞት መካከል የነበረው ከጥፍር የቀጠነ ነገር ነው፤ ሲያዩት ያው፣ ሲነኩት ያው፣ ሲያንኳኩት ያው። ፍርሃት አልነበረም የተሰማው፤ ፍርሃቱ ምሳ ላይ አልቋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሻማ ብቻ ሲቀር የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር።

"ባይነግሩኝስ ኖሮ?" አለች ማድሌን።

"ነግሬሻለሁ።"

ለፔልቲዬ ኦዴት ጻፈችለት፤ የባሏ ጽሕፈት ለእንጨት ብቻ ነው የሚሆነው። ሰውዬው ሳይጠራ፣ ደብዳቤው በደረሰው ማግስት መጣ። አጥንቱን በመነጽር ረጅም ጊዜ አየ፤ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቱን አወለቀ።

"እኔም ብሆን እፈርም ነበር" አለ፤ ከዚያ ራሱን አርሞ "ፈርሜያለሁ እኮ" አለ። "ይህን ለሌሎቹ ሠሪዎች ላሳይ? ስምዎን አልጠራም።"

"ጥራው እንጂ። ስም ከሌለው ተረት ይመስላቸዋል።"

ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ አውሮፕላን የሚሠሩ ሁሉ ምስክሯን ከሥራው አጠገብ ያስተኛሉ፤ ሥራው ሲበርደው እሷም ይበርዳታል።

የማድሌን አባት ቲኬቱን አልመለሰም። በጰራቅሊጦስ መጥቶ፣ የተሰነጠቀችውን ትንሽ ክንፍ ገልብጦ አይቶ፣ "መርከብ ላይ ቢሆን ይህን የሠራውን ባሕር እንጥለው ነበር፤ የተናገረውን ደግሞ ካፒቴን እናደርገው ነበር" አለ። "ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ግን ምን እንደሚደረግ አላውቅም።" አንሴልም ነጭ ወይን ቀዳለት። ሽማግሌው እስከ ጥቅምት ሊቆይ ወሰነ፤ ድርቆሹንም አብሮ አጨደ፤ ክፉ አጫጅ ነበር።

በመስከረም አንሴልም እንደገና አሥራ አንድ አጥንት ላገ። ኮላ በሚበጠበጥበት ቀን ደወል ጠባቂው መጥቶ በሩ ላይ ቆመና "ዛሬ ማንም እንዳይሞት ለመንደሩ ተናግሬያለሁ" አለ። "የወፍጮው ዡል ግን ቃል አልገባም።" ማንም አልሞተም።

በጥቅምት ሁለተኛ እሁድ፣ በሸለቆው ሜዳ፣ ሣሩ ገና ጤዛ እያለበት፣ ማድሌን ሞተሩን አስነሣች። አንሴልም ከሰዉ ራቅ ብሎ ቆመ። አውሮፕላኗ ሮጠች፣ ጅራቷ ተነሣ፣ ከዚያ በመንኮራኩሮቿና በሣሩ መካከል ብርሃን ታየ። ያ ብርሃን ሰፋ። ማንም አላጨበጨበም፤ የማድሌን አባት ቆቡን ብቻ አወለቀ።

ከወንዙ በላይ ደርሳ ልትዞር ነው። አንሴልም ዓይኑን ከግራው ጫፍ አልነቀለም። ትንሿ ክንፍ ተነሣች፤ የሁለት ጣት ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። ያን ጊዜ ያ ሁሉ እንጨት፣ ሞተሩ፣ ስድስቱ ዓመት፣ በውስጡ ያለችው ሴት፣ ሁሉም በአንድነት እንደሚያንቀላፋ ሰው ወደ ጎኑ አጋደለና ዞረ። እጁ ውስጥ መዝኗታል፤ ሁለት ኪሎ ከትንሽ ነች። ክብደቷን ያውቃል፤ ቀለበቶቿን ያውቃል፤ ዛፉ የቆመበትን ገደል ያውቃል። ይህን ግን አላወቀም ነበር።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ኦዴት ክንዱን ይዛ።

"ሰማሻት?" አለ።

"ምኗን?"

"አውሮፕላኗ ትንሿን ክንፍ እሺ ስትላት።"

ማድሌን ሩብ ሰዓት ቆይታ ወረደች። ሰዉ ከበባት፤ ወይኑ ተከፈተ፤ አባቷ ሁለት ጊዜ ሳማት፣ ከዚያ የሚያደርገው ጠፍቶት ሞተሩን ሳመው። እሷ በሰዉ መሀል አንሴልምን ፈልጋ አገኘችው።

"ግራዋ ከቀኟ ትንሽ ትከብዳለች፣ ጋሼ። በጣም ትንሽ።"

"ስንት?"

"የማንኪያ ስኳር ያህል።"

"ኮላ አብዝቼባታለሁ" አለ። "አውቄ ነው።"

ሰዎቹ ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ እሱ ክንፉ አጠገብ ቀረ። የግራዋን ጠርዝ በአንድ ጣት ወደ ላይ ገፋ አደረጋት። ሽቦው በክንፉ ውስጥ ተንሸራተተ፤ ባዶው መቀመጫ ፊት ያለው መሪ በትር ብቻውን አጋደለ፤ በዚያኛው ጫፍ፣ ስምንት ሜትር ርቃ፣ ሌላዋ ዝቅ አለች። ጣቱን አነሣ፤ ተመለሰች። እንደገና ገፋት። ኦዴት ለምሳ ሁለት ጊዜ ጠራችው።